መጤ ይነቀልልን

አረሙ የቆየ ላብ ይሸታል። ቅጠሉ ሲነካ ጣት ላይ ይለጠፋል፤ ውሃ አያስለቅቀው፣ ሳሙና አያስለቅቀው። ባልቴቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሽታ ጋር ተኝታ ከዚህ ሽታ ጋር ተነሥታለች፤ ግን አልለመደችውም።

ሙሽራ ሆና ወደዚህ መንደር ስትመጣ ሜዳው ሁሉ ነጭ አበባ ነበር። ባሏ ሞቶ ምንጩ ዳር ያሉትን አርባ ቀፎዎች ብቻዋን ስትረከብም ማሯ ስም ነበረው። ልጅ አልወለደችም፤ ያሏት ንቦቿ ናቸው። አሁን ማሯ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ንቦቿም ከዚያ ቆሻሻ አበባ ተመልሰው ቀፎው አፍ ላይ እንደ ሰካራም ይንከባለላሉ። አንድ ዓመት እንዲህ ከቀጠለ አርባውም ቀፎ ባዶውን ይቀራል።

ይህን መዓት ያመጣው ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። አረሙ መጀመሪያ የታየው ከቀፎ ሠሪው ግቢ ጀርባ ነው። ሰውየው ጣውላ ከሩቅ ያስመጣል፤ ዘሩም ከጣውላው ጋር መጣ ይባላል። ጢሙ ላይ ሙጫ የደረቀበት፣ ቢያናግሩት የማይመልስ ዝጋታም ነው። ባልቴቷ በደጁ ስታልፍ አፍንጫዋን ትይዛለች።

ስለዚህ የንብ አናቢዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ለመንግሥት ማመልከቻ እናስገባ ሲል፣ ፊርማ እኔ ላሰባስብ ብላ የተነሣችው እሷ ናት።

“ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ” አለችው።

“እንዲያ ነው” አለ ሊቀ መንበሩ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። “ከሌላ ቦታ መጥቶ በመሬታችንና በውሃችን ላይ የተንሰራፋ ማንኛውም መጤ ከነሥሩ ተነቅሎ ይውጣልን” ይላል። አንጀቷ ራሰ። የመጀመሪያዋን ፊርማ ያኖረችው እሷ ነች።

ሦስት ቀን ሙሉ በር ስታንኳኳ ዋለች። ማንም አላንገራገረም። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ከፈረመች በኋላ እንባ ቢተናነቃት፣ “አይዞሽ፣ እኔም አንጀቴ አሯል፤ በቅርቡ እንገላገላለን” ብላ አጽናናቻት። ሴትዮዋ በሯን ዘጋች። ንብ አንቦ የማያውቀው የሊቀ መንበሩ ወንድም ደግሞ ከቀፎ ማር በስንት ወሩ እንደሚቆረጥ ጠየቃት። ማኅበሩ አንድ ሰው ሊጨምር ነው ብላ ደስ አላት፤ ቁጭ ብላ አስረዳችው።

የቀረው ቀፎ ሠሪው ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፤ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት።

“እኔ አልፈርምም” አለ።

“እንዴት ብለህ ትፈርማለህ? ያንተው ዘር አይደል።”

“አንብበሽዋል?”

“ሁለቴ።”

“ደህና አድርገሽ አንብቢው፣ እህቴ። ከዚያ ስምሽን ሰርዢና ምድጃ ውስጥ ክተቺው።”

“ማንበብ አንተ አላስተማርከኝም” አለችና ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። ስትወጣ ደጁ ላይ ምራቋን ጢቅ አደረገች። እንዲህ ያለውን ሰው መሬት እንዴት ይሸከመዋል? ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ለአረም ይከራከራል።

ለሊቀ መንበሩ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም እንደፈረሙ ነገረችው። “እሱ ይቅር፤ ይበቃናል” አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለላት።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። ባልቴቷ ጓንቷን አጥልቃ፣ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ምንጩ ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ጠበቀቻቸው። ጤዛ የነካው አረም ይበልጥ ይከረፋል። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ ወረደ፤ ወንድሙና አራት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ተከተሉት።

“ዶማው የታለ?” አለች።

ጎረምሶቹ አረሙን እየረገጡ አልፈው ቤቷ ገቡ፤ አልጋዋን ተሸክመው ወጡ።

ሊቀ መንበሩ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ዘርግቶ ፊርማዋን በጣቱ አሳያትና፣ “ወደ መጣሽበት የምናደርስሽ እኛው ነን፤ ቀፎዎቹ ግን ያገር ናቸው፤ እዚሁ ይቀራሉ” አላት።