በላይሽ ላይ ይለቅ

እኔና ፌኔት መካኒሳ ባለች ጠባብ ወርክሾፓችን አሮጌ የሱፍ ሹራብ እየተረተርን፣ ክሩን አጥበን መልሰን ለሹራብ ሠሪዎች እንሸጣለን። ሹራብ ሰው ለብሶት ሲተረተር ክሩ አይወሳሰብም። ስለዚህ ፌኔት ትለብሳለች፤ እኔ ብርሃን ፍለጋ ጀርባዬን ሰጥቻት በሩ ላይ እቀመጥና እየሳብኩ እጠቀልላለሁ። ስንጀምር ሁልጊዜ፣ አዲስ ልብስ ለለበሰ ሰው እንደሚባለው፣ "በላይሽ ላይ ይለቅ!" እላታለሁ። እንስቃለን።

ዛሬ የለበሰችው ከሳልባጅ መሀል የወጣ ቀይ ሹራብ ነው። ፌኔት ቁንጥንጥ ናት። በተነቃነቀች ቁጥር ክሩ ከጣቴ እየተመነጨቀ ያናድደኛል።

"አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ አትቀመጪም?"

"ያሳክከኛል፣ ሙፊዳ። ቶሎ በይ በናትሽ!"

ፈጠን አልኩ። ቀዩ አለቀና ቡናማ ክር መጣ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ደግሞ ሞቅ ያለ።

"ቡናማም ነበረው እንዴ?"

"ኧረ ቀይ ብቻ ነው" አለች። ድምፅዋ ከጎረቤት የመጣ መሰለኝ። "ማሳከኩ ግን ተወኝ።"

መሳቤን ቀጠልኩ። ክሩ አንዴም አልተመነጨቀብኝም።

"ጎሽ፣ እንዲህ አርፈሽ ተቀመጪ!"

ብዙ ሳይቆይ የክሩ ጫፍ ተስቦ ጭኔ ላይ ወደቀ። ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጫማዋ ብቻ ከሥሩ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ የበሩን መተላለፊያ በወንበሬ ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት፤ በእኔ በኩል ያለፈ ሰው የለም።

የጠቀለልኩት ልቃቂት እጄ ውስጥ ተቁነጠነጠ።