የእቶኑ ልብስ

ሰውዬው በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የእቶኖችን ሆድ በሙቀት መከላከያ የሚያለብስ ባለሙያ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ አመድ ላይ የተንከባለለ አህያ መስሎ ነበር የሚገባው። ሚስቱ በር ላይ ኮቱን ትቀበለውና ጓሮ ወስዳ ታራግፈዋለች። «ለእሳቱ ልብስ፣ ለእኔ አቧራ!» ትለው ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ገላውን ታጥቦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይመጣል። የሥራ ልብሱ የት እንደሚቀር አይናገርም።

ታናሽ እህቷ ነገሩ አልጣማትም።

«እቴ፣ ባል ውጭ ከታጠበ ውጭ ቆሽሿል ማለት ነው።»

ሚስትየዋ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ለዚሁ አልለቅ ላላት ጉንፋን ባሏ ሐኪም ቤት ወስዷት፣ ራጅ ተነስታ፣ ሐኪሙም ባልየውን አስቀርቶ ስለ ሽሮፑ አወሳሰድ አስረድቶት ነበር። የባሏ ነገር ግን ከጉንፋኑ ይልቅ እንቅልፍ ነሳት።

ሰውዬው ድንገት ደግ ሆነ። ውኃ ይቀዳል፤ ልብስ ያሰጣል፤ ደረጃ ላይ ዘንቢሉን ከእጇ ይነጥቃል። ሁለቴ ጎርሶ ከገበታ ይነሳል። ከስቷል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ሲያለቅስ ሰማችው።

«ምን ሆንክ?»

«ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው።»

«የበደለ ባል ነው እንዲህ የሚለሰልሰው» አለች እህቷ።

ሚስትየዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ፋብሪካው ድረስ ሄደች።

የፎርማኑ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጡብ፣ አንድ ጥቅል ግራጫ የአስቤስቶስ ጨርቅና እንደ ብርድ ልብስ የታጠፈ ነጭ የሴራሚክ ጥጥ ተቀምጠዋል። የግዢ ኃላፊው ግራጫውን መታ መታ አደረገና ወደ ባሏ ዞረ።

«መጋዘን ሙሉ አለን። ዕድሜህን የፈጀህበት አይደል እንዴ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ይሄ ከእንግዲህ እቶን ውስጥ አይገባም» አለ ባሏ። «ጥጡን ግዙ። እሱንም ሰውነት ውስጥ ቢገባ የሚሟሟውን ዓይነት። እያረጠብን ነው የምንቆርጠው። የሥራ ልብሱን ለብሶ ቤቱ የሚሄድ ሰውም አይኖርም፤ እዚሁ ይታጠባል።»

«ሻጩ ምን አጉርሶህ ነው?»

 ባሏ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፎርማኑ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስትየዋን አያትና ወደ ግቢው ይዟት ወጣ።

«ሴትዮዋ ማናት? አትደብቀኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

«የምን ሴትዮ?» ፎርማኑ ደነገጠ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እህቴ፣ እሱ ሐኪሙ ከነገረው ቀን ጀምሮ ሰው አልሆነም። የድሮው ጨርቅ ብናኝ ሳንባ ይበላል አሉ፤ ጉዱ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የቀረውን እሱ ራሱ ይንገርሽ።»

 እየቆመች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደ ምንም ቤቷ ደረሰች። ስትጠረጥረው የሰነበተችውን ሁሉ ስታስበው ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ባሏ ገና እንደ ገባ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ! እኔ ሌላ ሴት ስፈልግብህ፣ አንተ ይሄን ጉድ ብቻህን ተሸክመህ! እኔ አላስታምምህም? ለማን ብለህ ነው የደበቅከኝ?» ሳሏ መጣና ቃሏን ቆረጠው። ደረቱ ላይ ተደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቀች። «ምን አሉህ? ይድናል አሉህ?»

ሰውዬው ጀርባዋን አሻሸ።

«እኔንም መርምረውኝ ነበር» አላት በመጨረሻ። «የኔ ደረት ንጹሕ ነው።»