ጌታ ላይቆጣ ይችላል

«በዚህኛው ከመታህ ሩሯን ኩልፎ ወንዝ ማዶ ሄደህ ነው የምትፈልጋት» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ረጅሙን የገና ዱላ ለባሌ ለቴዎ እያቀበሉት።

ስም ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ገና ሲደርስ ከጨንቻ ወይራ ያስወርዱና ጫፉን ቆልምመው ሲቀላ ሜዳ ዳር፣ ሾላው ሥር ደርድረው ይሸጣሉ። እሳቸው ዘንድ ቅርብ የሚመታ ዱላ የለም። አንዱ አባያ ሐይቅን ያሻግራል፣ ሌላው ጫሞ ላይ የተኛ አዞ ይቀሰቅሳል።

ቴዎ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መዘነው። ከሰዓት በኋላ የከተማችን ሁለት ሰፈሮች፣ ሲቀላና ሴቻ፣ ይጋጠማሉ፤ የሲቀላ ሰው ደግሞ ያለ እሱ ጨዋታ የለም ብሎ አሳብጦታል።

«እውነት ያን ያህል ይሄዳል?» አለ።

ይኼን ነው የጠየቀው። ምን ያህል ይሄዳል እንጂ ወዴት ይሄዳል አላለም። ደሜ ፈላ።

ታናሽ ወንድሜ ሲላስ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። ባለፈው ገና እዚሁ ሜዳ ዳር ቆሞ ጨዋታ ሲያይ፣ ቴዎ እንዲህ ባለ ረጅም ዱላ የመታት የእንጨት ሩር ግራ ዓይኑን አጠፋችበት። ሩቅ ሄዳለች፣ ያንን ማንም አይክድም። ግቡ ግን በቀኝ ነበር፣ ወንድሜ በግራ። ሲላስ ባጃጅ ነጂ ነበር። አሁን ርቀት አይለይም፤ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሰዋል፣ እኛም ያላየን መስለን እንወለውላለን።

መቆጣት ደግሞ ተከልክያለሁ። የቴዎ ቤተሰቦች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። ሎሌ ጌታውን ቢፈነክተውም ቂም የለም ማለታቸው ነው። እኔ የጋሞ ልጅ ነኝ፣ የፓስተር ልጅ፤ እኛ ቤት ገና መዝሙር ነው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ አባባሉን ስሰማ ጌታ ያሉት ኢየሱስን መስሎኝ ነበር፤ ጌታን «እርስዎ» ማለታቸው ብቻ ገረመኝ። ኋላ ተስቆብኝ ትርጉሙን ብማርም፣ ዛሬም ሲሉት ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አማቴ ጀርባዬን እያሻሹ ይኼንኑ ሲደግሙልኝ፣ ጌታ ካልተቆጣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ቁጣዬን ዋጥኩት። ቀጥሎ የኛዎቹ ሽማግሌዎች ለዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። እርጥብ ሣር ይዘው ለመጡ ሽማግሌዎች እምቢ አይባልም። ያንንም ዋጥኩት።

«አጭሩን ውሰድ» አልኩት።

«የቱን?»

ከሁሉም ኋላ የተጋደመውን፣ ማንም ያልጠየቀውን ዱላ አሳየሁት።

«እሱማ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን። «ሩቅ አይመታም።»

«ያሰቡበት ቦታ ይመታል?»

«እሱንስ ይመታል። ግን ልጄ፣ ሜዳው ሰፊ ነው።»

ቴዎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢየሩስ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። በዚህ ማገዶ ሴቻን ላሸንፍ? ዘንድሮ እጄ ተስተካክሏል። የፈለግሁበት ነው የማሳርፋት።»

«የፈለግህበት?»

«የፈለግሁበት።»

«ተይው በቃ፣ እህቴ» አለ ሲላስ።

አልተውኩትም። ለልምምድ ብለው ሜዳው ላይ ሁለት ድንጋይ ለግብ አስቀምጠዋል። ሄድኩና አንደኛውን በእግሬ ገፍቼ በቦታው ቆምኩ።

«በል» አልኩት፣ «በረጅሙ ምታና በአጠገቤ አሳልፋት።»

ሙዝ የጫነ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቆመ። ጋሽ ጥዑመልሳን እንደ ቀልድ ሳቅ አሉ። «ኧረ ተይ ልጄ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

«ጌታ ላይቆጣ ይችላል» አልኩ። «እኔ ተቆጥቻለሁ። ወንድሜ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ተቆጥቻለሁ፣ ስበላም ስጸልይም። ቴዎ፣ ምታ።»

ሲላስ ሸንኮራውን አስቀመጠ። የሚረግጠውን መሬት እየፈተሸ መጣና በሁለተኛው ድንጋይ ቦታ ቆመ። አንገቱን መለስ አድርጎ ደህነኛውን ዓይኑን ወደ ባሌ አዞረ።

ቴዎ ሩሯን መሬት አስቀምጦ ረጅሙን ዱላ አነሳ። ዱላው ከትከሻው በላይ ቆመ። መልሶ አወረደው። ሾላው ሥር ሄዶ አጭሩን ይዞ መጣ፣ እሱንም አነሳ።

«እሱ እኮ ያሰቡበት ይመታል» አልኩት።

ዱላውን ከፍ እንዳደረገ ቀረ። አላዘንኩለትም። ለማዘን የነበረኝን አቅም ሁሉ ባለፈው ዓመት ጨርሼዋለሁ።

ዱላውን ጣለው። ጎንበስ ብሎ ሩሯን በእጁ አነሳና ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። እኔን አላየኝም። ሲላስ ፊት ቆሞ ሩሯን በመዳፉ ዘረጋለት።

ሲላስ ሊቀበለው እጁን ሰነዘረ፤ ጣቶቹ ሩሯ ጋ ሳይደርሱ ባዶውን ጨበጡ።