ሁመይድ የሞተበት ኮረብታ

ሱሀይል የዱባይን በረሃ ሊያዩ የሚመጡ ጎብኚዎችን በአሸዋ ኮረብታ ላይ በመኪና ሽቅብ ቁልቁል እያንደረደረ የሚያዝናና ሹፌር ነው። ከኋላው በጮኹ ቁጥር እሱ ነዳጅ ይሰጣል።

የዚያን ቀን የደረሰው ተሳፋሪ ግን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ስማቸው ኸልፋን ነው። ነጭ ልብሳቸው ገና ከካውያ የወጣ ይመስላል፤ ወገባቸው ላይ እንደ በዓል ቀን የብር አፎት ያለው ጩቤ ታጥቀዋል። የአገሩ ተወላጅ ሆነው በዚህ ሐሩር ብቻቸውን ሊጎበኙ መምጣታቸው ሱሀይልን አሳቀው።

«አጎቴ፣ አሸዋ አይተው አያውቁም እንዴ?» አላቸው።

ሽማግሌው አልሳቁም። ሌሎቹ መኪኖች ከማይደርሱበት እንዲወስዳቸው ብቻ ጠየቁት። ጥቂት እንደሄዱ፣ ልጃቸው ይህን ጨዋታ ይወድ እንደነበር ነገሩት። ስሙንም ጠሩለት፤ ሁመይድ።

ሱሀይል እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ሁመይድ አምና ሱሀይል ሲነዳው በነበረ መኪና ውስጥ ተገልብጦ የሞተው ወጣት ነው። ሱሀይል ችሎት ፊት «መሪውን የነጠቀኝ ራሱ ነው» ብሎ ምሎ በነጻ ወጥቷል። የሟች አባት በሐዘን ታመው ስላልቀረቡ መልካቸውን አያውቅም ነበር።

«ቦታውን አሳየኝ» አሉት።

እምቢ ማለት ፈራና ወሰዳቸው። መንገድ ላይ፣ ልጃቸው የሞተ ዕለት መሪውን ማን ይዞት እንደነበር በለሆሳስ ጠየቁት። ሱሀይል የማለውን ደገመ። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ሽማግሌው ሞተሩን አስጠፉት፤ ስልካቸውንም ወንበሩ ላይ ተዉት።

«አንተም ስልክህን ተወው። ውረድ ልጄ። የእኔና የአንተ ነገር ዛሬ እዚህ ያልቃል።»

«ልጄ» ማለታቸው ከጩቤው ይበልጥ አስፈራው። ሽማግሌው ቀድመው ወረዱና ጥቂት ራመድ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። ሱሀይል «ከሁለታችን በሕይወት የሚመለሰው አንዱ ነው» አለ በልቡ። በሩን ቆልፎ ሞተሩን አስነሳና ጥሏቸው ተፈተለከ።

በመስታወቱ ሲያያቸው አልሮጡም፤ አልጮኹም። አንድ እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው ነበር። ወዲያው ነፋሱ ተነሣና አሸዋው ሸፈናቸው።

የሚናገረውን አስቀድሞ አሰናዳ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ወርደው ጠፉ ይላል። አንዴ በሐሰት የማለ ሰው ሁለተኛው አይከብደውም። ስልካቸውን በመስኮት ወረወረው። ነፋሱ የጎማውን ዱካ ከኋላ ከኋላው እየጠረገለት ነበር፤ አሁን ተመልሶ ቢፈልጋቸው እንኳ ቦታውን አያገኘውም።

ጎብኚዎች እራት ከሚበሉበት ድንኳን ሲደርስ አንዲት አሮጊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሙሉ ፍየል የተጋደመበት የሩዝ ትሪ ፊታቸው አለ፤ ማንም አልነካውም። ብድግ ብለው ወደ መኪናው ውስጥ አዩ።

«ሱሀይል አንተ ነህ? እኔ የሁመይድ እናት ነኝ። አባቱስ? ‹ቢዋሸኝም ባይዋሸኝም፣ ልጃችን ከሞተበት ላይ ይቅር ብዬው፣ አቅፌ አመጣልሻለሁ› ብሎኝ ነበር የወጣው።»