ቺካጎን ያወቀው እንግዳ

ካዝ ዎይታስን በሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ አስጎብኚነቱ የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የባሕር ማዶ እንግዳ ጀልባው ላይ ይወጣል፣ ቀና ብሎ ሰማይ ጠቀሶቹን ያያል፣ ከዚያ አፉን ሞልቶ «ወይ ጉድ፣ ልክ እንደ ኒውዮርክ!» ይላል። በገዛ ከተማው፣ በቺካጎ፣ በገዛ ወንዙ ላይ!

አሁን ደግሞ ይቺው ኒውዮርክ ቤቱ ድረስ መጣችበት። የሚስቱ የሮዛሊ ታላቅ ወንድም ካርሚን ከኒውዮርኩ ብሩክሊን መጥቶ፣ «ጡረታ ልትወጣ ነው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ባዶ ነው፤ ቤታችሁን ሽጡና ኑ» አለ። ካርሚን እንዲህ ሲል እየጠየቀ አይደለም፣ እያሳወቀ ነው። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ሮዛሊ አንድም ቀን እንቢ ብላው አታውቅም።

«እንግዲህ ካርሚን ካለ ምን ይደረጋል» አለች ሳህን እያጠበች። ካዝ ግን ያለ ወንዙ ምን ሊሆን ነው?

ካዝና ካርሚን ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ።

«ዓለም ከሩቅ አይቶ የሚለየው የእኛን ከተማ ነው! የእናንተን ማን ያውቀዋል?» ይላል ካርሚን።

«የእኛን ሕንፃዎች ያልለየ ሰው ዓይኑን ይታከም!»

በሦስተኛው ቀን ሮዛሊ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «በቃ! ጆሮዬን አደነቆራችሁት። እንግዳ ይፍረድ። ከሐይቁ ላይ የተነሳ የቺካጎ ፎቶ፣ ስም የሌለበት። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ መጀመሪያ ለሚመጣው የውጭ አገር ሰው እናሳየዋለን። ቺካጎ ካለ እዚሁ እንቀራለን፤ ሌላ ከተማ ከጠራ ዕቃችንን እንጠቀልላለን።»

ካዝን ላብ አጠመቀው። እንግዶችን ያውቃቸዋላ! በማግስቱ ወደ ወዳጁ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቦግዳን በረረ።

«አንድ ሰው ላክልኝ። የውጭ አገር ሰው መስሎ ይምጣና 'ቺካጎ' ብሎ ይሂድ። ብቻ እኔም የማላውቀው ይሁን፤ ካወቅሁት ፊቴ ያጋልጠኛል።»

«አንተ ሌባ!» ብሎ ሳቀ ቦግዳን። «እሺ፣ ተወው ለኔ።»

ቅዳሜ ልክ በአራት ሰዓት አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ብቅ አለ።

«ያውና አንዱ!» አለች ሮዛሊ፣ ከሁሉም ቀድማ። ካዝ በሆዱ ቦግዳንን መረቀ።

ሰውየው ፎቶውን አቅርቦ አየ፣ አርቆ አየ። «ይሄ... ቺካጎ ነው። ቆንጆ ቺካጎ» አለ እየተኮላተፈ።

ካርሚን ዓይኑን አጠበበ። «ቆይ፣ ቆይ። እኔን ነው የምትሸውደኝ? ይሄ የሰፈርህ ሰው ነው!»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እንግዲያው ሆት ዶግ ይብላ። ካቻፕ ተደርጎበት።»

ካዝ ክው አለ። የቺካጎ ሰው ቋሊማ ባለበት የሆት ዶግ ዳቦው ላይ ሰናፍጭ ያፈሳል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከምራል፤ ቀዩን የቲማቲም ካቻፕ ከሚያደርግበት ግን ጦሙን ይውላል። ካርሚን በዚህ ነገር ሲስቅባቸው ነው የኖረው።

«እኔ ላምጣው፤ ሁለታችሁንም አላምናችሁም» ብላ ሮዛሊ ሄደች። ይዛው የመጣችው ዳቦ ከላይ እስከ ታች ቀልቷል።

ሰውየው ዳቦውን አየና ምራቁን ዋጠ። አይዞህ የኔ ጀግና፣ አለ ካዝ በልቡ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ገመጠ። አላመጠ። ግንባሩን ላብ ቸፈፍ አደረገው። እንደ ምንም ብሎ የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጠና «ጣፋጭ» አለ።

ካርሚን ክፉ ሰው አይደለም፣ ቃሉንም ያከብራል። የእህቱን ጉንጭ ሳመ፣ «እንግዲህ ተፈረደ» ብሎ ታክሲ ጠራ። ሮዛሊ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሸኘችው። ካዝ፣ ምስኪን፣ ከወንድሟ ለይቻት ቀረሁ ብሎ አዘነ።

ታክሲው እንደተሰወረ ግን ስልኩን አወጣ። «ቦግዳን፣ ኑርልኝ! ያ ሰውህ ለኔ ሲል ካቻፕ በላ!»

«የቱ ሰው?»

«የላክኸው ነዋ!»

«አትቀልድ ባክህ። ጀልባዎች እንዲያልፉ የወንዙን ድልድይ ወደ ላይ አንስተውት የኔ ሰው መንገድ ተዘግቶበት ተመለሰ። ይኸው አጠገቤ ቆሞ ይቅርታ በልልኝ ይላል።»

ካዝ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ፊቱ በራ። እውነተኛ እንግዳ! ማንም ሳያስጠናው ቺካጎን የለየ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ሰው! ደስታው አላስቆም አለው። ሮዛሊም ብትሰማ ትጽናናለች ብሎ እሷ ወደ ሄደችበት የጀልባው ትኬት መሸጫ ሲገሰግስ፣ ከመሸጫው ጀርባ ድምጿን ሰማ።

«በል ካቻፑ እንዲለቅህ ተጉመጥመጥ የኔ ጌታ፤ ከካርሚን ጎረቤትነት ያዳንከኝን ውለታ መቼም አልረሳው፤ ብቻ ባሌ እንዳይሰማ፣ እሱ እንዲህ ያለ ተንኮል አያውቅም።»