የደረቀው ዓሣ

ሟቹ ባሌ መኪናችንን የገዛን ዕለት በአገራችን ልማድ ጎማዋ ላይ የሩዝ ጠላ አፈሰሰ፤ አደጋ እንዳይደርስብንም የደረቀ ዓሣ በነጭ ክር ጠቅልሎ ኮፈኗ ውስጥ አሰረ። እስከ ዛሬ እኔንና ጎመኔን ወደብ ከተማችን ሞክፖ ገበያ የምታደርሰን እሷው ናት።

አሁን ስትቆምብኝ ልጄ ቴሆ ጋራዥ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

"እማዬ፣ በየወሩ እየከፈልን አዲስ እንውሰድ።"

"ዕዳ እየነዳሁ ጎመን አልሸጥም! ትጠገናለች።"

መካኒኩ ናም ሳቀብኝ። "እትዬ ሱክጃ፣ ምኗን ልጠግን? የሞተ ሞተሯን አውርጄዋለሁ፣ ያውልዎት መሬት ላይ። እዚህ ውስጥ የቀረው ያ ዓሣ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው በዓሣው እነዳታለሁ!" ብዬ ገባሁ።

"ኧረ ውረጂ፣ ሰው ይስቅብናል!" አለ ቴሆ።

ቁልፉን አዞርኩት። ተነሳች።

ናም መፍቻውን ጣለ። ቴሆ መሬት ላይ የተጋደመውን ሞተር አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

"አሁንስ ምን ትላላችሁ?" አልኳቸው በመስኮት።

ሁለቱም ወደ ተከፈተው ኮፈን ውስጥ አፍጥጠው ቀሩ። ወርጄ እኔም አየሁ።

ዓሣው በክሩ እንደታሰረ፣ በመኪናዋ ድምፅ ልክ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።