የጎማዋ ቀለበት

ቁጥሩን ያየሁት ልጄ ኔዣ በብስክሌት ጫካው ውስጥ ገብታ ከተሰወረች በኋላ ነው። የብስክሌት ሱቁ ባለቤት ቦሽትያን ብስክሌት ለሙከራ ሲሰጥ የጋላቢውን ስምና ክብደት በነጭ ፕላስተር ላይ ይጽፍና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይለጥፋል። ከተለጠፉት በአንዱ ላይ «ኔዣ፣ 47» ይላል።

የልጄ ክብደት አርባ ሰባት አይደለም። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቷ ሐኪም በሰጣት ወረቀት ላይ ሃምሳ ስምንት ነበር። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«ይሄን ማን ነገረህ?» አልኩት፣ ፕላስተሩን ነቅዬ።

«ራሷ ናታ» አለ ቦሽትያን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ምነው?»

«ተሳስታለች።»

«ዋሽታለች በያ።» ሳቀ። አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ ያኔም በፍርሃቴ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ከኋላ ያለው ሾክ፣ ድንጋይ ሲመታው ንዝረቱን የሚውጠው ማለት ነው፣ የሚሠራው በአየር ነው። አየሩ የሚሞላው በጋላቢው ክብደት ልክ ስለሆነ ሁሉንም ሰው ይጠይቃል፤ ሁሉም ይዋሻል። ሴቶቹ አምስት ኪሎ፣ ቦርጫሞቹ ወንዶች አሥር ይቀንሳሉ። ግን ሾኩ ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር ወደ ዳር ይገፋትና እዚያው ትቀራለች። ጋላቢው ሲመለስ ቦሽትያን ቀለበቷን አይቶ ማን እንደዋሸው ያውቃል።

«አሥር ኪሎ ዋሽታ ቢሆንስ?»

«አየሩ ያንሳታል። ትልቅ ድንጋይ በወረደች ቁጥር ብስክሌቱ ከታች ይነርታታል፤ ሲመሽ ክንዷ ይዝላል። አትሞትም፣ ብሬዳ። አንቺ እኮ ደመና ሳይመጣ ጃንጥላ የምትዘረጊ ሰው ነሽ።»

ወጥቼ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሌላ ቀን ቢሆን የማስበው ስለ እንጨት ድልድዩ ነበር። አምና የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ከድልድዩ በላይ ያሉትን የጥድ ሥሮች፣ ስልክ የማይሠራበትን ገደል፣ ሁሉንም ተራ በተራ አስብ ነበር። ዛሬ አንዱም አልመጣልኝም። ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ። ፕላስተሩ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ።

ኔዣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሉብሊያና ከተማ በተማሪዎች ማደሪያ ነው የምትኖረው። ዓርብ ማታ ስትመጣ አውቶቡስ ላይ በልቻለሁ ትላለች። ቅዳሜ ሾርባውን ታማስለዋለች፣ ታማስለዋለች፣ ከዚያ ስልኳ ይጠራና ሳትቀምሰው ትነሣለች። የብርዱን ወራት ሙሉ የወንድሟን ሰፊ ሹራብ ነው የለበሰችው፤ ዛሬም እሱን ነው የለበሰችው። ፋሽን መስሎኝ ነበር። የምትሳፈርበትን አውቶቡስ ጎማ ጎንበስ ብዬ የማይ ሴት፣ ፋሽን መሰለኝ።

አንድ ሽበታም ጋላቢ ወርዶ አጠገቤ ሲቆም አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ልጅ አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሷማ ትበራለች» አለኝ። «ላባ ናት።»

እግዚአብሔር ሆይ፣ አልኩ በሆዴ፣ ልጄን ውሸታም አድርጋት።

ኔዣ ከጥዶቹ መሀል ስትወጣ ፊቷ እስከ ጥርሷ ጭቃ ነበር፤ ትስቃለች። ከገና ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ድልድዩን በአየር ላይ እንዳለፈችው፣ ብሬኩን አንዴ ብቻ እንደነካችው ሳትተነፍስ ነገረችኝ።

«ከታች አልነረተሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ። ድንጋይ ላይ ስትወርጂ።»

«ኧረ እማ፣ ፍራሽ በይው።»

ቦሽትያን ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር አውርዶ ብስክሌቱ ሥር ተንበረከከ። እኔም አብሬው ጎንበስ አልኩ። ቀለበቷ ሾኩ ጫፍ ድረስ ተገፍታ ትሆናለች ብዬ ነበር። ጫፉ ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷታል። ቦሽትያን በአውራ ጣቱ ለካት፤ እንደገና ለካት።

«ልክ ነው» አለ። «እንዲያውም ትንሽ አየር ብቀንስላት ይሻል ነበር።» መልካም ዜና ሊያበስረኝ ወደ እኔ ዞረ። «በሃያ ዓመት ሥራዬ ክብደቱን በትክክል የነገረኝ ሰው ቢኖር ያንቺ ልጅ ናት። በቃ፣ ዛሬ ተኚ።»

ኔዣ ሳቋን አቆመች። ጣቴ ላይ ያለውን ፕላስተር አየችው። የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሳበችው።

ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የግንቦት ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም። ቦሽትያን ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ እያስገባ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሄኛውን ያስቀምጥልን እንደሆነ ጠየቀ፤ ጠዋት ልጄ አትጋልብም ልል እንደመጣሁ ያውቃል።

«ይቆይላት» አልኩ። «ሐኪም ካያት በኋላ።»

 ቦሽትያን አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና መብራቱን ሊያጠፋ ገባ።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ነገ ወደ ማደሪያው አትመለሺም» አልኳት።

ይቺ ልጅ በጨው ማነስ እንኳ ሳትከራከረኝ የምትውል አይደለችም። ጠበቅኳት። ፈተና አለብኝ ትላለች ብዬ፣ አታፍኚኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኳት።

«እሺ፣ እማ» አለች።

ከክርኗ በላይ ክንዷን በሹራቡ ላይ ያዝኩት። አውራ ጣቴና መሀል ጣቴ ተገናኙ። ክንዷን አልነጠቀችኝም። ከኋላችን ቦሽትያን ቁልፉን ሁለቴ አዞረ፤ ከዚያ በሩ መቆለፉን ሊያረጋግጥ እጀታውን ነቅነቅ አደረገው።